የወርዋሪው ጉብታ

ሆሳዕና
ጥር 12 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለጋሼ ኤሊያስ ሐንዲኖ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ስለ ቤዝቦል መቺዎች ሁለት ጥያቄ ልጠይቅህ ነው። ሰላምታዬን ከጉዳዬ በኋላ ማድረጌን እንደ ድፍረት አትቁጠርብኝ። እስከ ዛሬ በባዕድ አገር የጠበቀህ አምላክ የበረዶውንም ወራት በጤና ያሻግርህ። አባቴና እናቴ ደኅና ናቸው። ጊምቢቹ ያሉት አክስትህ እትዬ ዓለሚቱ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም እሑድ ከጸሎት ቤት ቀርተው አያውቁም፤ «ልጄ አሁንም ቀጭን ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» ብለውኛል።

እናቴና አባትህ የወንድማማች ልጆች ከመሆናቸው በቀር እኔና አንተ ብዙ የምንተዋወቅ ሰዎች አይደለንም። አንተ ስምንተኛ ክፍል ስትጨርስ እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። አሁን አንተ በተማርክበት ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት የቆየው የሰላም ጓድ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ወፍራም የቤዝቦል መዝገብ ትቶልን ሄደ። አስርዮሽንና አማካይን ያስተማርኩት በዚሁ መጽሐፍ ነው። መቺው በትክክል የመታበት ጊዜ ለመምታት ለቆመበት ጊዜ ሲካፈል ምን ያህል እንደሚሆን ልጆቹ ያለ ወረቀት እስከ ማስላት ደርሰዋል።

ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። በእነርሱ አቆጣጠር በ1930 አንደኛ የወጣው መቺ ከሺህ 401 መትቷል። መጽሐፉ በሚያልቅበት በ1966 ግን ከሁለቱ ሊጎች በአንደኛው ከሁሉ የበለጠው 316 ብቻ ነው። የዱሮው ሰው ከአሁኑ ይበልጥ ነበር ማለት ነው? ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ አንድ ሰው ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሁሉ እጅግ ርቆ ሲገኝ፣ ነገሩ በቅንነት የሆነ መሆኑን አዋቂዎች በምን ይለያሉ?

ይህን የምፈልገው ለክፍሌ ነው። ጊዜ ሲኖርህ ሳይሆን፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ቶሎ ብትመልስልኝ እወዳለሁ።

እኅቴ ጵርስቅላም ሰላም ትልሃለች። ለጊዜው እቤት ናት።

አክባሪህ
አባይነሽ ኤርጃቦ


ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
የካቲት 6 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአባይነሽ፤

የጌታችን ሰላም ከቤታችሁ አይራቅ። ለእትዬ ዓለሚቱ ቀጭን መሆኔን አትንገሪያቸው። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከአገር ቤት የምጠብቀው ብዙ ነገር ነበር፤ ቤዝቦል ግን አልነበረበትም።

ጥያቄሽ እዚህ ሰው ያጣላል። ፀጉሬን በምስተካከልበት ቤት አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ በየሳምንቱ ይከራከሩበታል። ሽማግሌው «እኔ ያየሁትን መቺ ብታይ ኖሮ አፍህን ትዘጋ ነበር» ይሉታል። ጎልማሳው ደግሞ «እርስዎ ያዩት ወርዋሪ በክረምት ወተት እያደለ የሚኖር ሰው ነበር፤ እርሱን ማን አይመታም» ይላቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ ሁለቱም ሳይከፍሉ እንዳይወጡ በሩ አጠገብ ይቆማል።

እኔ ግን በምማረው የስታቲስቲክስ ትምህርት ነው የምመልስልሽ። ባለፈው ዓመት፣ በእነርሱ 1968፣ በአንደኛው ሊግ ከሁሉ የበለጠው መቺ 301 ብቻ መታ። ይህን ቁጥር በ1930ው 401 አጠገብ ብታስቀምጪው ሰውዬው ደካማ ይመስላል። ነገር ግን በ1930 በዚያ ሊግ የነበሩት መቺዎች ሁሉ አማካይ 303 ነበር። ባለፈው ዓመት ደግሞ የሁሉም አማካይ 230 ነው። 401ን ለ303፣ 301ንም ለ230 አካፍዪ። ሁለቱም አንድ ነጥብ ሦስት ያህል ይሰጡሻል። ሁለቱ ሰዎች በየዘመናቸው ከጓደኞቻቸው በላይ የቆሙበት ከፍታ አንድ ነው። የተለወጠው ሰው አይደለም፤ የቆሙበት መሬት ነው።

መሬት ስል እንዲያው ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም። ወርዋሪው፣ ኳሱን ለመቺው የሚጥለው ተጫዋች፣ የሚቆምበት የአፈር ጉብታ አለ። ከፍ ባለ መጠን ኳሱ ለመቺው ይከብደዋል። መቺዎቹ እንዲህ ስለ ተዳከሙ ሹማምንቱ ባለፈው ታኅሣሥ ተሰብስበው ጉብታው ከአሥራ አምስት ኢንች ወደ አሥር ዝቅ እንዲል ወሰኑ። በሚመጣው ዓመት ቁጥሩ ሲያድግ ሞኝ ሰው መቺዎቹ ጎበዙ ይላል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ይከብዳል። ቁጥር አንድ ነገር ሊሆን የሚችል መሆኑን ይነግርሻል፤ ቅን መሆኑን ግን አይነግርሽም። እርሱን ሰውዬውን ነው የምትጠይቂው። በ1941 አንድ ወጣት ዓመቱን ሙሉ ሲመታ ከርሞ ለመጨረሻው ቀን ሲደርስ ቁጥሩ ተጠጋግቶ 400 ተብሎ የሚመዘገብ ነበር። አሠልጣኙ «ከፈለግህ ዛሬ ተቀመጥ፣ ክብርህ ይጠበቅ» አለው። ልጁ እምቢ ብሎ የዚያን ቀን ሁለቱንም ጨዋታ ተጫወተ። ስምንት ጊዜ ቆሞ ስድስቱን መታና 406 ሆነ። ከዚያ ወዲህ አራት መቶ የደረሰ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚህ ወር ጵርስቅላ እቤት ምን ትሠራለች? አዲስ አበባ በአዳሪነት ትማራለች ብለውኝ ነበር።

ወንድምሽ
ኤሊያስ


ሆሳዕና
የካቲት 29 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለተከበርከው ጋሼ ኤሊያስ፤

እግዚአብሔር የእጅህን ሥራ ይባርክ። ለክፍሌ ነው ብዬ የጻፍኩልህ እውነት ቢሆንም ሙሉ እውነት አልነበረም፤ ይህ ከመምህር አይጠበቅምና ይቅር በለኝ።

ጵርስቅላ አምና በስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ በሒሳብ 96 አመጣች። ከእርሷ በፊት በትምህርት ቤታችን ታሪክ ትልቁ ነጥብ በ1952 ዓ.ም. አንተ ያመጣኸው 78 ነው። በታኅሣሥ አቶ ዳኘ የሚባሉ መርማሪ የፈተና አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው መጡ። አንድ ስም የሌለው ክስ ደርሷቸዋል፤ ፈተናው ቀደም ብሎ ወጥቶ ለመምህርቷ እኅት ተሰጥቷል የሚል። መምህርቷ እኔ ነኝ። ጵርስቅላን ጉዳዩ እስኪጣራ ከአዳሪ ትምህርት ቤቷ አስወጥተው ወደ ቤት ላኳት።

አቶ ዳኘ ክፉ ሰው አይመስሉኝም፤ የሚያስፈሩኝም ለዚህ ነው። የአንተ ፎቶግራፍ በዲሬክተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወደ እርሱ እያመለከቱ «ወይዘሪት አባይነሽ፣ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

«ዘመዴ ነው» አልኩ።

«መንግሥት አሜሪካ ድረስ ልኮ የሚያስተምረው ሰው ሰባ ስምንት አመጣ። ከመጨረሻው ጥያቄ እንጀምር፤ ይህች ልጅ ከእርሱ ትበልጣለች?»

አባቴ አብረውኝ ነበሩ። አማርኛቸው ስለማይፈታላቸው በሐዲይኛ ተናገሩና እኔ አስተረጎምኩ። «አያቴ መቶ ከብት አሰልፎ የመቶ ከብት በዓል ተደርጎለታል። የከብቱ እልቂት ከመጣ በኋላ አባቴ አርባ ብቻ አሰባስቦ ሞተ። ለቀብሩ የመጣው ሕዝብ ግን ለአያቴ ከመጣው አላነሰም። ከእልቂቱ በኋላ አርባው እንደ መቶ እንደሚቆጠር ሁሉም ያውቅ ነበርና» አሉ። አቶ ዳኘ በትዕግሥት አዳመጡ። ከዚያም «አባባ፣ ከብት ሊቆጠር ከበረት ይወጣል። ነጥብ ከበረት አይወጣም» አሏቸው። አባቴ መልሱን ሳስተረጉምላቸው «ታዲያ ከየት ይወጣል በያቸው» አሉኝ። ይህን ግን አላስተረጎምኩትም።

የውጤት ማስታወቂያዎቹን ፈልጌ አግኝቻለሁ። በአንተ ዘመን የሒሳብ ፈተና ሥራው ሁሉ ተጽፎ የሚታይ ነበር፤ የአውራጃው አማካይ 41 ነው። አምና ፈተናው ከአራት መልስ አንዱን መምረጥ ሆኖ አማካዩ 58 ደረሰ። ጉብታው ዝቅ ብሏል። 78 ለ41 ሲካፈል አንድ ነጥብ ዘጠኝ ነው፤ 96 ለ58 ግን አንድ ነጥብ ስድስት ከግማሽ። በዚህ ሚዛን አንደኛው አሁንም አንተ ነህ፤ የጵርስቅላ ነጥብ ከሰው አቅም በላይ አይደለም። እኔ ይህን ብናገር እኅቷ ነኝና አይሰሙኝም። አንተ ብትጽፈው ግን ፎቶግራፍህ የተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ይነበባል። ስለዚህ ለኮሚቴው የሚሆን አንድ ወረቀት፣ በአንተ ዘመን ፈተናው እንዴት እንደ ነበረና ይህ ስሌት ትክክል መሆኑን የሚያስረዳ፣ ጽፈህ እንድትልክልኝ እለምንሃለሁ።

ሌላም መንገድ አሳይተውናል። ጵርስቅላ «ውጤቴን በፈቃዴ ትቻለሁ» ብላ ብትፈርም ነገሩ በዝምታ ያልፋል፤ ትምህርቷ ግን ያበቃል። ካልፈረመችና ጥፋተኛ ከተባለች ሁለታችንም ለፖሊስ እንተላለፋለን። ክፍል ውስጥ ሆኜ በኮሪደሩ የጫማ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል፤ ልጆቹ አንስተው ሲሰጡኝ ዓይኔን አያዩም።

ጵርስቅላን ልጠይቃት የሚገባኝን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ለምን እንዳልጠየቅሁ ልጽፍልህ አልችልም።

ይህን ደብዳቤ እዚህ ፖስታ ቤት አላስገባሁትም። ሾፌሩ ኑሪ አዲስ አበባ ወስዶ ይጥልልኛል። «መምህርት፣ እኔ ጤፍ እጭናለሁ፣ ሰው እጭናለሁ፣ ፍርሃት ግን ኪሎው ስንት እንደሆነ አላውቅም» ብሎ ቀለደብኝ፤ ደብዳቤውን ግን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

አክባሪህ
አባይነሽ


ሆሳዕና
መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤሊያስ፤

በአምላክ ጥላ ሥር ሆነህ ይህ ይድረስህ። መልስህ አልመጣም። ደብዳቤዬ ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ ያንኑ በአጭሩ ደግሜ ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ።

አቶ ዳኘ የቤዝቦሉን መጽሐፍ ወሰዱት። በእርሳስ ያሰላሁባቸውን ገጾች አንድ በአንድ አገላብጠው «አራት መቶ አንድ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው አይደለም፣ የሰው ሥራ ነው አልኳቸው። ጻፉት። ከመምህራኑ መካከል ጣቢታ ብቻ ናት አሁንም ከእኔ ጋር ምሳ የምትበላ፤ እርሷም ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ነው የምትቀመጠው።

ወረቀቱን መጻፍ የሚያስቸግርህ ከሆነ ስሌቱ ትክክል መሆኑን ብቻ ንገረኝ። እርሱም ካስቸገረህ ደብዳቤዬ እንደ ደረሰህ ጻፍልኝ።

አባይነሽ


ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሚያዝያ 9 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለአባይነሽ፤

የሰማይ አባት ቤታችሁን በምሕረቱ ይክደን፣ የዘመኑንም ዝናብ በልኩ ያውርድላችሁ። አባትሽ እንደምን ናቸው? የእናትሽስ ጤና? የእትዬ ዓለሚቱ ጉልበት ተሻለው? እንሰቱ ዘንድሮ እንዴት ነው? በልግ ዘነበ? እዚህ በረዶው ቀልጦ ሣሩ ወጥቷል፤ ጨዋታውም ተጀምሯል። ጉብታውን በእውነት ዝቅ አድርገውታል።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የዘገየሁት ፈተና ላይ ስለ ነበርኩ ነው። የነፃ ትምህርቴ የማራዘሚያ ጥያቄም በዚሁ በግንቦት አዲስ አበባ ይታያል፤ እንግዲህ ጸልዩልኝ።

የጠየቅሽኝን ስሌት በተለየ ወረቀት ሠርቼ ልኬያለሁ። ሁለት ጊዜ ፈትሼዋለሁ፤ ትክክል ነው። በሬሾ ሳይሆን በልዩነት ብትለኪው ደግሞ የእኔ ከአማካዩ በ37 ይርቃል፣ የጵርስቅላ በ38። በአንዱ ሚዛን እኔ እቀድማለሁ፤ በሌላው እርሷ በአንድ ትቀድመኛለች። በየትኛውም ቢሆን የሁለታችን ነጥብ ጎረቤታሞች ናቸው። ከሁለቱ ዘመን ነጥቦች አንዱን ብቻ መጠርጠር ስሌቱን አለማወቅ ነው። ፈተናው በእኔ ጊዜ ምን ይመስል እንደ ነበረም ጽፌያለሁ። የማን እጅ እንደ ሠራው ማወቅ አስፈላጊ አይመስለኝም፤ ቁጥር ለራሱ ይናገራል።

ለጵርስቅላ አይዞሽ በያት።

ኤሊያስ


ሆሳዕና
ግንቦት 3 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለጋሼ ኤሊያስ፤

በሥራህ ሁሉ ሞገስ ይስጥህ። ማራዘሚያህ እንዲፈቀድልህ አባቴ በየማለዳው ይጸልያሉ፤ ይህን የምጽፍልህ ከዚህ በታች የምጠይቅህን እያወቅሁ ነው።

ወረቀትህ ደረሰኝ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ስሌት አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ለአቶ ዳኘ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያም ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ይህን የሠራው ማን ነው?»

«ግድግዳው ላይ ያለው ሰው ነው።»

«ስሙ የት አለ?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። «ወይዘሪት፣ ሰው የራሱን እውነት ካልፈረመበት እኔ ልፈርምለት ነው? እናቱ ያልታወቀችን ልጅ ማን ክርስትና ያነሣል?» አሉኝ። ለመውጣት ስነሣ ግን መልሰው አስቀመጡኝ። ስሌቱ ገብቷቸዋል፤ ከፊታቸው አየሁት። በመጨረሻ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረው ይህን ወሰኑ። ጵርስቅላ ሰኔ 9 ቀን ከዘንድሮ ተፈታኞች ጋር ተቀምጣ ትፈተናለች። ወረቀቱ በባለቤቱ ተፈርሞ ከቀረበ ውጤቷ የሚመዘነው ከዘንድሮው የአውራጃ አማካይ ጋር ነው። ካልቀረበ ግን ከአምናው 96 ጋር ብቻ ይተያያል፤ ከዚያ ካነሰች ሌባ ናት። ዘንድሮ ሒሳቡ እንደገና ሥራው ተጽፎ የሚታይ ይሆናል ተብሏል። ጉብታውን መልሰው ከፍ አድርገውታል ማለት ነው። በዚህ ፈተና 96 የሚያመጣ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም፤ አንተም አታምንም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤህን ለጵርስቅላ አነበብኩላት፤ የመጨረሻውን ቀን ቁጭ በል ተብሎ እምቢ ስላለው ልጅ የጻፍከውን። እስከ መጨረሻው ሰማችና «ተቀምጦ ቢሆን አራት መቶው የማን ይሆን ነበር?» አለች። በፈቃዴ ትቻለሁ የሚለውን ወረቀት አልፈርምም ብላለች። በስሌትህ ግን ቅር ተሰኝታለች። «አንደኛ ስሆን ሌባ፣ ሁለተኛ ስሆን ንጹሕ። ጋሼ ኤሊያስን በአንድ የምበልጥበትን ሚዛን ለምን አታስቀድሚም?» አለችኝ። ከታኅሣሥ ወዲህ በቤታችን ሳቅ የተሰማው ያን ጊዜ ነው።

የዚያን ዕለት ጠየቅኋት። ቃሌን አላሳመርኩም፤ «ፈተናውን አስቀድመሽ አይተሽው ነበር?» አልኳት።

የምትልጠውን ድንች አላስቀመጠችም። «እስከ ዛሬ ምን አስጠበቀሽ? አቶ ዳኘ እንኳ የመጀመሪያው ቀን ነው የጠየቁኝ» አለችኝ። ቀጥላም «አላየሁም። አንቺ ያስተማርሽኝን ነው የሠራሁት» አለች።

አምኛታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ፍርሃቴ አልቀነሰም፤ ጨመረ እንጂ። ጥፋተኛ ብትሆን ኖሮ የሚመጣብን ነገር ቅጣት ይሆን ነበር። አሁን ከመጣ ስሙ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ትናንት አንድ ፖሊስ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ከዘበኛው ጋር ሲያወራ አየሁና በጓሮ በኩል ዞሬ ገባሁ። የመጣው ስለ ጠፋ በግ ኖሯል። ለተማሪዎቼ ግን የዘገየሁበትን ምክንያት መንገር አልቻልኩም።

ጋሼ ኤሊያስ፣ ማራዘሚያህን የሚያዩት ሰዎች ስምህን በዚህ ወረቀት ላይ ሊያዩት እንደሚችሉ አውቃለሁ። በደብዳቤህ አልጻፍከውም፤ እኔም ከዚህ በላይ አልጽፈውም። ብትፈራ አልፈርድብህም። ፖሊስ አይታ በጓሮ በኩል የምትገባ ሴት በማንም ፍርሃት ላይ ዳኛ አይደለችም። ነገር ግን ቁጥር ለራሱ ይናገራል ያልከው በዚህ ክፍል ውስጥ እውነት አልሆነም። የጵርስቅላ 96 ነጥብ ዓመቱን ሙሉ ለራሱ ሲናገር ቆየ፤ የሰማው የለም።

ወረቀትህን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬልሃለሁ። አንዲት ፊደል አልነካሁበትም። ከስሌቱ በታች የአራት መስመር ያህል ባዶ ቦታ አለ። በዚያ ላይ ስምህን ከነአባትህ፣ በ1952 ዓ.ም. በዚህ ትምህርት ቤት የተፈተንክ መሆንህን፣ ቀኑንና ፊርማህን አስፍርበትና በአየር ፖስታ አዲስ አበባ ባለው በኑሪ የፖስታ ሣጥን አድራሻ ላክልኝ፤ ቁጥሩን ከፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ። ኑሪ ረቡዕ ሰኔ 4 ቀን ሣጥኑን ከፍቶ በማግስቱ ሆሳዕና ይገባል። የተፈረመው ወረቀት ሐሙስ ሰኔ 5 ቀን 1961 ዓ.ም. በእጄ መድረስ አለበት።

አክባሪህ
አባይነሽ ኤርጃቦ